የዓይን ሐኪሙ ተቃዋሚ አልነበረም

ሊ ዌንሊያንግን ታስታውሱታላችሁ። ኮሮና ገና ስም ሳይወጣለት በዉሃን ማዕከላዊ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ የዓይን ሐኪም ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2019 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አብረውት ሕክምና ለተማሩ ጓደኞቹ ዊቻት በሚባለው የቻይና መልእክት መላላኪያ በቡድናቸው መልእክት ላከ። ከባሕር ምግብ ገበያ የመጡ ሰባት ሰዎች ሳርስ ተገኝቶባቸው እኛ ሆስፒታል ተለይተው ተኝተዋል፣ ቤተሰቦቻችሁን አስጠንቅቁ፣ ወደ ውጭ ግን አታውጡት አላቸው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የኮሮና ቫይረስ ዓይነት መሆኑ እንጂ የትኛው እንደሆነ ገና አልተለየም ብሎ አስተካከለ። መልእክቱ ፎቶ ተነሥቶ ወጣ። ስሙም አብሮ ወጣ።

ጃንዋሪ 3 ፖሊስ ጣቢያ ጠርተው አስፈረሙት። ወረቀቱ ሕገ ወጥ ድርጊትህን ማቆም ትችላለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። «እችላለሁ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ገባህ ወይ ይላል። «ገባኝ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ በሽታው ከታካሚ ያዘው፣ ፌብሯሪ 7 ሌሊት ሞተ።

ያን ሌሊት የቻይና ኢንተርኔት አለቀሰ። ሰው ሁሉ ያቺን ወረቀት ገልብጦ ይመልስ ጀመር፤ «አልችልም፤ አልገባኝም»። ማስካቸው ላይ ጽፈውት ፎቶ የተነሡ ነበሩ። «የመናገር ነፃነት እፈልጋለሁ» የሚል ሃሽታግ ወጣ፣ ብዙ ሰው ተቀባበለው፣ ሳይነጋ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ሁለት ወገን ተሻማበት። የምዕራቡ ሚዲያ አገሪቱን የሚገዛውን ኮሚኒስት ፓርቲ የተጋፈጠ ጀግና አደረገው። ቤጂንግ ደግሞ መርማሪ ቡድን ላከች፤ ማርች 19 የዉሃን ፖሊስ ማስጠንቀቂያውን ሰርዞ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቀ፣ ኤፕሪል ላይ መንግሥት «ሰማዕት» ብሎ ሰየመው። መርማሪዎቹ ሪፖርታቸውን ሲያወጡ አንድ ነገር ማስገባት አልረሱም፤ ሊ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነው፣ ፀረ ሥርዓት ነው የሚሉት ጠላት ኃይሎች ናቸው አሉ።

አባል መሆኑ እውነት ነው። መንግሥት ይውረድ አላለም። ጓደኞቹ እንዳይታመሙ ነው የፈለገው። ታሞ ተኝቶ ሳለ ካይሺን የሚባለው የቻይና መጽሔት አነጋግሮት ነበርና «ጤነኛ ማኅበረሰብ አንድ ድምፅ ብቻ ሊኖረው አይገባም» አለ። ይህች ቃል ዓለምን ዞረች። ያስተላለፈልን ግን እዚያው ቻይና ውስጥ በሳንሱር ሥር የሚሠራ ቻይናዊ ጋዜጠኛ መሆኑን ስንቱ አንባቢ ያውቃል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የምዕራቡ ሚዲያ ስለ ቻይና አፈና የሚጽፈው በአብዛኛው እውነት ነው፤ አፈናው አለ፣ እስር ቤቱ አለ፣ የሚጠፋው ጽሑፍ አለ። ነገር ግን በዚያ ዘገባ ውስጥ ለአንድ ተራ ቻይናዊ የሚተርፈው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ወይ እንደ ሊው ሺያዎቦ ወይም እንደ አይ ዌይዌይ ስሙ የታወቀ ጀግና ተቃዋሚ ይሆናል፣ ወይ ጭንቅላቱ የታጠበ፣ የታዘዘውን የሚደግም ሕዝብ። መሐል ላይ ያለው፣ መንግሥቱ ራሱ የጻፈውን ሕግ እንዲያከብርለት የሚጮኸው፣ ባንክ የበላበትን ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ደመወዙ ያልተከፈለው የግንባታ ሠራተኛ፣ እሱ አይታይም። አገሪቱ ውስጥ ግን ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ነገሩ በትርጉም ይብስበታል። ስለ ቻይና የምንሰማው ወይ ከቢቢሲና ከዶይቼ ቬሌ የአማርኛ ክፍል ነው፣ ወይ ከቻይና መንግሥት የዜና ወኪል ከሺንዋ ተተርጉሞ። እንግሊዝኛው ለእንዲህ ያለ ሰው የሚጠቀምበት ቃል አማርኛ ላይ ሲደርስ «ተቃዋሚ» ይሆናል። እኛ ደግሞ ተቃዋሚ ሲባል የሚመጣብን ፓርቲ፣ ሊቀመንበር፣ ወንበር ነው። ስለዚህ የዓይን ሐኪሙን ሥልጣን የሚፈልግ ሰው አድርገን እናነበዋለን።

«ሳንሱር»ም እንደዚያው ነው። የእኛ ሳንሱር የደርግ ዘመኑ ነው፤ ደራሲው ረቂቁን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፣ ሳንሱር አድራጊው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል፣ ማኅተም ካልተመታ አይታተምም። የቻይና ኢንተርኔት በዚህ መንገድ አይሠራም። ሰው መጀመሪያ ይጽፋል። የሚያጠፋው በአብዛኛው ኩባንያው ነው፤ የማኅበራዊ ሚዲያዎቹ ዌይቦም ዊቻትም መንግሥት እንዳይቀጣቸው እየፈሩ የራሳቸውን ሰው ቀጥረው፣ የራሳቸውን የቃላት ዝርዝር ይዘው ያጸዳሉ። መስመሩ የት እንዳለ በግልጽ የሚነግርህ ስለሌለ ኩባንያውም አንተም ከመስመሩ ራቅ ብላችሁ ትቆማላችሁ። የሃርቫርዶቹ ጋሪ ኪንግ፣ ጄኒፈር ፓንና ማርጋሬት ሮበርትስ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሚሊዮኖች ጽሑፎችን ሰብስበው የትኛው እንደሚጠፋ አይተዋል። መሪን ወይም ፖሊሲን የሚነቅፈው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የሚጠፋው ሰው ሊያሰባስብ የሚችለው ነው፣ መንግሥትን እየደገፈ የሚያሰባስብም ቢሆን። ከዚያ ወዲህ በሺ ጂንፒንግ ዘመን መስመሩ በጣም ጠብቧል። ግን «ቻይና ውስጥ መንግሥትን መተቸት አይቻልም» የሚለው አንድ መስመር ዓረፍተ ነገር ያኔም አሁንም ነገሩን አያስረዳም።

ሰዉም ዝም አላለም። ቅኔ ይዘርፋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ2018 የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች መናገር ሲጀምሩ የእንግሊዝኛው ሃሽታግ ተዘጋ። እነሱ «ሚ ቱ» ብለው በቻይንኛ ጻፉት። ሰሙ ሩዝና ጥንቸል ነው፣ ድምፁ ግን ያው የእንግሊዝኛው ነው። የ1989ኙ የቤጂንግ ግድያ የሚታሰብበት ጁን 4 ሲታገድባቸው «ሜይ 35» አሉ፤ ከሜይ 31 ጀምራችሁ ብትቆጥሩ ጁን 4 ላይ ትደርሳላችሁ። ስለ በሽታው ቀድመው ካወቁት አንዷ የሆነችው የሊ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ አይ ፌን በማርች 2020 ለአንድ መጽሔት የሰጠችው ቃለ ምልልስ ሲጠፋ፣ ሰዎች ጽሑፉን በኢሞጂ፣ በሞርስ ኮድ፣ ከታች ወደ ላይ ገልብጠው ጭምር እየጻፉ መልሰው ለጠፉት። ጭንቅላቱ የታጠበ ሕዝብ ይህን ያደርጋል?

ወደ ማኅበራዊ ክሬዲት ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ እያንዳንዱ ቻይናዊ ነጥብ አለው፣ ካሜራ ያየዋል፣ መንገድ ካለ ቦታው ከተሻገረ ይቀነስበታል፣ ነጥቡ ሲወርድ ባቡር መሳፈር አይችልም። በ2018 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ማይክ ፔንስ ሳይቀሩ በንግግራቸው አነሡት። የቻይና መንግሥት በ2014 ሰፊ ዕቅድ ማውጣቱ እውነት ነው። ግን አንድ አገራዊ ነጥብ የለም። ያለው የተበታተነ ነገር ነው፤ አብዛኛው ኩባንያን ለመቆጣጠር የወጣ ደንብ ነው፣ እንደ ሮንግቼንግ ያሉ ከተሞች ለእያንዳንዱ ነዋሪ 1,000 ነጥብ ሰጥተው የጀመሩት ሙከራ አለ፣ ከዚያ ደግሞ መክፈል እየቻለ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያልፈጸመ ሰው የሚገባበት ጥቁር መዝገብ አለ። ትኬት የሚከለክለው ይህ የመጨረሻው ነው። እስከ 2018 መጨረሻ በዚህ ምክንያት የአውሮፕላን ትኬት ግዢ 17.5 ሚሊዮን ጊዜ፣ የፈጣን ባቡር ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ጊዜ መታገዱን መንግሥት ራሱ ተናግሯል። ልብ በሉ፣ ጊዜ ነው ያለው። ሁለቱ ተደመሩና «23 ሚሊዮን ሰዎች ታገዱ» የሚል የዜና ርእስ ሆነው ወጡ።

«ታዲያ ምን አለበት፣ ቻይና አፋኝ መሆኗ ያው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አለበት እንጂ። በዚህ ተረት ውስጥ እውነተኛው ጉዳት ተቀበረ። ሊው ሁ የሚባል ሙስና የሚያጋልጥ ጋዜጠኛ በስም ማጥፋት ተከሶ ተረታ፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አልፈጸምክም ተብሎ እዚያ መዝገብ ውስጥ ገባ፣ በ2017 የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጥ ሲል ነው መታገዱን ያወቀው። እሱን የጎዳው የፍርድ ቤት ውሳኔና የስም ዝርዝር ነው፣ ነጥብ የሚቆጥር ካሜራ አልነበረም። ሌላም ልጨምር። በ2022 በሄናን ክፍለ ሀገር ያሉ የገጠር ባንኮች የሰው ገንዘብ ያዙ። ባለገንዘቦቹ ጁን ላይ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ ዠንግዡ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ በኮሮና ጊዜ መንቀሳቀስ መቻልህን የሚያሳየው ስልካቸው ላይ ያለው የጤና ኮድ ወደ ቀይ ተለወጠ። የኮሮና ነገር ሆኖ አይደለም፣ ከተማዋ እንዳይገቡ ነው። ቀይ ማለት ባቡር የለም፣ ሆቴል የለም፣ ወደ ለይቶ ማቆያ ሂድ ማለት ነው። በኋላ ራሱ መንግሥት ባመነው ቁጥር 1,317 ሰዎች ናቸው፣ አምስት ባለሥልጣናትም ተቀጡ። ይህን ጉድ ያወጡት ገንዘባቸው የተያዘባቸው ሰዎች ናቸው። የቻይና ሕዝብ በኢንተርኔት ተቆጣ፣ የአገሩ ሚዲያም ተቀባበለው። ቴክኖሎጂ ሰውን ሲያፍን በእውን እንዲህ ነው የሚሆነው። የሚገርመው ግን ዛሬ ስለ ቻይና ጠይቁኝ ብትሉ ሰው የሚነግራችሁ የዠንግዡውን ሳይሆን የነጥቡን ታሪክ ነው።

ኖቬምበር 24 ቀን 2022 በዢንጂያንግ ዋና ከተማ በኡሩምቺ አንድ መኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ መንግሥት እንዳለው 10 ሰው ሞተ። ከተማዋ በኮሮና ምክንያት ከመቶ ቀን በላይ ተዘግታ ነበርና ሰው ሁሉ የገመተው አንድ ነገር ነው፤ መውጫ ተዘግቶባቸው ነው። ሻንጋይ ውስጥ በኡሩምቺ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ሰዎች ሻማና አበባ ይዘው እዚያ ተሰበሰቡ። ባዶ ነጭ ወረቀት ያዙ፤ ምንም ስላልተጻፈበት በምን ቃል ይከሰሳል? ነገሩ ወደ ቤጂንግ፣ ወደ ቼንግዱ፣ ወደ ዉሃን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ።

ሻንጋይ ላይ «ሺ ጂንፒንግ ይውረድ፣ ኮሚኒስት ፓርቲ ይውረድ» ብለው የጮኹ ነበሩ። ትልቅ ድፍረት ነው፣ መዘገብም ነበረበት። የውጭው ሚዲያ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያወጣው እሱን ሆነና የቀረው ከበስተኋላ ቀረ። የቀረው ደግሞ ብዙ ነው። ብዙዎቹ የጠየቁት በሩ እንዲከፈት ነው። ተማሪዎቹ የዘመሩት የኮሚኒስቶችን መዝሙር ኢንተርናሲዮናልንና የአገራቸውን ብሔራዊ መዝሙር ነው፣ «ባሪያ መሆን የማትፈልጉ ተነሡ» የሚለውን። ይህ የፓርቲው የራሱ መዝሙር ነው! ፓርቲው የገባላቸውን ቃል መልሰው እያስታወሱት ነው። ቤጂንግ ላይ አንድ ሰው የውጭ ኃይሎች እንዳይጠልፏችሁ ተጠንቀቁ ሲላቸው ከሕዝቡ መሐል የወጣው መልስ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የውጭ ኃይል የምትለው ማርክስና ኤንግልስን ነው? አሉት። ዢንጂያንግ ላይ እሳቱን የለኮሰው የውጭ ኃይል ነው? ጉይጆ ላይ አውቶቡሱን የገለበጠው የውጭ ኃይል ነው? እኛ የውጭ ድረ ገጽ እንኳን መክፈት አንችልም፣ እንዴት አድርገን ነው ከውጭ ኃይል ጋር የምንነጋገረው? (ጉይጆ ያሉት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሰዎችን በሌሊት ወደ ለይቶ ማቆያ ሲወስድ ተገልብጦ 27 ሰው የሞተበትን አውቶቡስ ነው።) ከእሳቱ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ዲሴምበር 7፣ መንግሥት ገደቡን አላላ። ከዚያም ድምፁን አጥፍቶ አንድ በአንድ ያስር ጀመር። አንዲት ወጣት የመጻሕፍት አርታኢ ከመታሰሯ በፊት በቪዲዮ ራሷን ቀርጻ፣ ጠፍተን እንዳንቀር አድርጉ ብላ ነበር። ያ ቪዲዮ ዓለም የደረሰው በውጭ ሚዲያ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፣ ከልቤ ነው።

በቤጂንግ መሐል ስላለው ስለ ቲያናንመን አደባባይና ስለ 1989ኙ ተቃውሞም አንድ ነገር ልበል፣ ሥሩ እዚያ ነውና። በሜይ 1989 የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ቤጂንግ ሊጎበኙ ነው ተብሎ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ይዞ እዚያ ነበር። ካሜራው አደባባዩ ላይ ተተከለ፣ ተማሪዎቹም እዚያ ነበሩ። ጁን 3 ሌሊትና ጁን 4 ግን አብዛኛው ሰው የተገደለው አደባባዩ ላይ አይደለም። ወታደሩ ወደ መሐል ከተማ ሲገባ ከምዕራብ በኩል ባሉት መንገዶች፣ ሙሺዲ በሚባለው ሰፈርና በዙሪያው ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ ሠራተኞችና የሰፈሩ ነዋሪዎች ነበሩ። በኋላም በሞት የተቀጡት እነሱ ናቸው። ሠራተኞቹ የራሳቸውን ነፃ ማኅበር አቋቁመው ነበር፣ የባቡር ኤሌክትሪሻኑ ሃን ዶንግፋንግ አንዱ መሪያቸው ነው። የዋሽንግተን ፖስት የቤጂንግ ቢሮ ኃላፊ የነበረው ጄይ ማቲውስ በ1998 ይህንኑ ጽፎ የሙያ ባልደረቦቹን ወቅሷል። ለምን መሰላችሁ? «የአደባባዩ ጭፍጨፋ» የሚለው አባባል ለቤጂንግ መውጫ ቀዳዳ ሰጣት። አደባባዩ ላይ ማንም አልሞተም ትላለች፣ ሙግቱ ስለ ቦታ ይሆናል፣ ሙሺዲ ላይ የወደቀው ሠራተኛ ሁለተኛ ይሞታል።

ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የጋዜጠኞቹ ብቻ አይደለም። በፌብሯሪ 2020 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ቻይናን «የእስያ በሽተኛ» የሚል ርእስ በአስተያየት ገጹ አወጣ። ርእሱ በቅኝ ግዛት ዘመን ቻይናውያን የተሰደቡበት ቃል ነው። ርእሱን ያልጻፉ ሦስት የጋዜጣው ዘጋቢዎች ከቻይና ተባረሩ። ዋሽንግተን በአሜሪካ ያሉትን የቻይና መንግሥት ሚዲያ ሠራተኞች ከ160 ወደ 100 አወረደች። ማርች ላይ ቤጂንግ የኒውዮርክ ታይምስን፣ የዎል ስትሪት ጆርናልንና የዋሽንግተን ፖስትን አሜሪካዊ ዘጋቢዎች፣ ቢያንስ 13 ሰው፣ አስወጣች። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ ስለ ቻይና የሚጽፉት ከታይፔይና ከሴኡል ሆነው ነው። ከሩቅ ሆነህ ሻይ ቤት ውስጥ የሚወራውን አትሰማም። የምታየው ሳተላይት፣ ሰነድ፣ የፓርቲ ንግግርና ከአገር የወጣ ስደተኛ ነው። በዚህም ድንቅ ሥራ ተሠርቷል፤ የቡዝፊድ ዘጋቢዎች የሳተላይት ምስል እየመረመሩ በዢንጂያንግ ኡይጉር የተባሉት ሙስሊሞች የሚታሰሩባቸውን ካምፖች በማጋለጣቸው በ2021 ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት አግኝተዋል፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮም በኦገስት 2022 በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን ይችላል ብሏል። ግን ሳተላይት ሰው ምን እንደሚያስብ አያሳይም።

ደግሞ የማይጠሩ ሰዎች አሉ። በቻይና ሕግ አንድ ቻይናዊ ለውጭ ሚዲያ ጋዜጠኛ ሆኖ መቀጠር አይችልም፣ «የዜና ረዳት» ብቻ ነው የሚሆነው። ሰውን ፈልጎ የሚያገኘው፣ ስልክ የሚደውለው፣ የሚተረጉመው እሱ ነው። ፈረንጁ ዘጋቢ ቢያጠፋ ይባረራል። ረዳቱ ግን ይታሰራል። ስሙ ከዘገባው በላይ የሚወጣው ስንት ጊዜ ነው?

የቻይና አንባቢም ያያል። ማርች 8 ቀን 2020 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጋዜጣ በትዊተር ገጹ የቻይናን የእንቅስቃሴ ገደብ የሰውን ኑሮና ነፃነት የጎዳ ብሎ ጻፈ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጣልያን ሚላንንና ቬኒስን ስትዘጋ ኢኮኖሚዋን አደጋ ላይ ጥላ በአውሮፓ የከፋውን ወረርሽኝ ልትገታ እንደተነሣች አድርጎ አቀረበው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርገው ቻይና ውስጥ ተሰራጩ። ቢቢሲ ስለ ዉሃን ባወጣው ቪዲዮ ላይ ቀለሙን ግራጫ አድርጎታል ብለው «የሙታን ዓለም ፊልተር» የሚል ስም አወጡ። ክሱ ልክ ይሁንም አይሁን፣ በዚህ ያዘነ ሰው ነገ ስለ ዢንጂያንግ እውነቱን ብትነግረው አያምንህም። ከዚህ የሚያተርፈው ፓርቲው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የአገሩ ጋዜጠኞች ነገር ነው። በ2003 ሱን ዢጋንግ የሚባል የ27 ዓመት ወጣት ጓንግዡ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ አልያዝክም ተብሎ ተይዞ ተደብድቦ ሞተ። እዚያው የሚታተም ዕለታዊ ጋዜጣ አጣርቶ አወጣው፣ አገር ተነሣ፣ ከገጠር የመጣን ሰው እየያዙ የሚመልሱበት ደንብ በሁለት ወር ውስጥ ተሻረ። በዓመቱ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ታሰረ። ሚሊዮኖችን ከዱላ ያዳነ ዘገባ ነው፤ ከቻይና ውጭ ግን ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የሊ ዌንሊያንግ የመጨረሻ የዌይቦ ጽሑፍ የፌብሯሪ 1 ናት፤ ተመርምሬ በሽታው ተገኘብኝ የምትል አጭር መልእክት። ከሥሯ የሰፈረው አስተያየት ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። መጀመሪያ ኀዘንና ቁጣ ነበር። እየቆየ ሌላ ነገር ሆነ። ሰዎች እንደምን አደርክ ዶክተር ሊ ይሉታል። ፈተና አለብኝ፣ ጸልይልኝ ይሉታል። ከፍቅረኛዬ ተለያየሁ፣ ሥራ አገኘሁ፣ ዛሬ እኛ ጋ ዘነበ ይሉታል። የተጠበሰ የዶሮ እግር ይወድ ነበርና ዛሬ በላሁልህ የሚሉት አሉ።